ከዲስኩ የቆረጥኩት አርባ ደቂቃ

ካርቱም ጦርነት ሳያገኛት በፊት፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ ደሳለኝ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያሳያችሁም ነበር። «መቀስ የታለ?» ካላችሁ ግን ሻይ የምትሸጠዋም፣ የሓፍላው ረዳትም በጣቱ ወደ እኛ ሱቅ ይጠቁማችኋል። ሓፍላ የምላችሁ የካርቱምን ሚኒባስ ነው። መቀስ ደግሞ በዐረብኛም በአማርኛም ያው መቀስ ስለሆነ ስሙ ለሐበሻውም ለሱዳኑም ይመች ነበር።

ስሙን ያወጣልኝ የሱቁ ባለቤት ዐም ባቢክር ነው፤ ዐም ማለት እንደ እኛ «ጋሼ» ነው። እሱ ከፊት ሆኖ የጌም ዲስክ ይሸጣል፣ እኔ ከኋላ ኮምፒውተሩ ጋ ተጎልቼ አባዛለሁ። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ትልልቆቹ ጌሞች ስምንት ጊጋ ገደማ ናቸው፣ የሚመጡትም ሁለት ሽፋን ባለው ዲስክ ነው። እኛ ገበያ የሚገኘው ባዶ ዲስክ ግን ባለ አንድ ሽፋን ነው፤ አራት ጊጋ ከምናምን ቢይዝ ነው። በዚያ ላይ የሰፈሩ ልጆች የጌም ማሽን አርጅቷል፤ አንደኛውን ሽፋን እንደምንም ያነባል፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ስምንቱን አራት ማድረግ የእኔ ፋንታ ነበር።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መጭመቅ ነው፤ ምንም ሳትጥል ምስሉንም ድምፁንም ጥራቱን እየቀነስክ ማሳነስ። በእኛ ኮምፒውተር ይሄ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ሁለተኛው መቁረጥ ነው። እሱ አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

በጌሙ መሀል እየገቡ ታሪኩን የሚተርኩትን ፊልሞች አወጣለሁ። ፊልሙ በነበረበት ቦታ በዚያው ስም ባዶ ፋይል አስቀምጣለሁ፤ ማሽኑ ስሙን ካገኘ ውስጡን አይመረምርም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ተጫዋቹማ ድሮም ፊልም ሲመጣ በተኑን እየደበደበ ነው የሚያልፈው። «እኔ የምቆርጠው ሰው የሚዘለውን ነው፤ ማን ተጎዳ?» እል ነበር። በዚህች አባባሌ እንዴት እንደምኮራ ብታዩኝ!

እንዲህ ስኮራ በነበረበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ዘምዘም መጣች።

ዘምዘም የወሎ ልጅ ናት። ዐማራት በሚባል የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ ቤት ትሠራለች፣ የምትኖረው ግን ኪራይ በሚረክስበት በካላክላ ነው። በዕድሜ ብትበልጠኝ ሦስት ዓመት ነው፤ በምላስ ግን ሃያ ዓመት ትበልጠኛለች።

«መቀስ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ይቺን አሳንስልኝ» ብላ በሻሽ የተጠቀለለ ዲስክ አወጣች። ላዩ ላይ በማርከር «ኒካህ» ተብሎ ተጽፎበታል። «ሰርጌ ናት። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራዬ ጥሩ ነው ብሎ በትልቁ ዲስክ ነው የሰጠን። ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ሸህ ሙሄ ቤት ደግሞ ዲስክ የሚያጫውተው የልጆቻቸው ጌም ብቻ ነው። ሞክሬው ነበር፣ ጭፈራው መሀል ላይ ቀጥ ይላል። አርብ ሽማግሌ ፊት ነው የሚታየው፤ እዚያ ቀጥ ቢልብኝ የምገባበት ነው የማጣው።»

ሌላም ብዙ ነገረችኝ። እኔ ከፊት አንድ ደንበኛ ከዐም ባቢክር ጋር ሲጨቃጨቅ እየሰማሁ «እሺ፣ እሺ፣ አመሻሽ ላይ ነይ» አልኳት። እኔ ያልሰማሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ባሏ ሰይድ ይማም ግንበኛ ነበር፤ ካለፈው ዓመት በፊት ታሞ ሞተ። ሐያት የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ትቶላታል። አሁን የሰይድ ታላቅ ወንድም ጋሽ አህመድ ከወሎ መጥተው የወንድማቸውን መቃብር ካዩ በኋላ፣ ኒካህ መታሰሩን አላምንም ብለዋል። ያሰሩት ሸህ አገር ቤት ገብተው አርፈዋል። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ወደ ሊቢያ ወጥቶ ወሬው ጠፋ፤ ሌላው ሳዑዲ ገባ ይባላል፣ ስልኩ አይሠራም። የእሷ ወኪልም ሌሎቹ ታዳሚዎችም በየአገሩ ተበትነዋል። ጎረቤት ሁሉ ባልና ሚስት ነበሩ ይላል፣ ኒካሁን በዓይኔ አየሁ የሚል ግን የለም። ያለው ይሄ ዲስክ ብቻ ነው። ጋሽ አህመድ ካላመኑ ሐያት የአባት ስም አይኖራትም፤ ዘምዘምም ልጇን ይዛ አገሯ ቀና ብላ አትገባም።

ዲስኩን ከፍቼ አየሁት። አየሁት ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ድምፁን አጥፍቼ እየዘለልኩ ነው ያለፍኩት። መጀመሪያ አርባ ደቂቃ ያህል ኮፍያና ጥምጥም ያደረጉ ሰዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ይነጋገራሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ደግሞ ይነጋገራሉ። ከዚያ ሴቶቹ ድቤያቸውን ይዘው ሲገቡ ጨዋታው ይደምቃል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ሰርግ ተክሊል ነው፣ ድንኳን ነው፣ እስክስታ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ሲነጋገር ሰርግ ተብሎ አላውቅም። ሽማግሌዎች ምግብ እስኪደርስ ወሬ ይዘዋል አልኩና ቆረጥኩት። ከመጨረሻም ትንሽ ቆረጥኩ። የቀረው በአንድ ሽፋን ልክክ አለ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላኝም።

በዚህ አላበቃሁም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቦታ ስለሌለን የገለበጥኩትን ወዲያው አጠፋሁ። ዋናውን ዲስክ ደግሞ፣ እጅ ያመጣው ልማድ ሆነና፣ በር ላይ ያለችው ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት። የተበላሸ ዲስክ የምንጥልባት ካርቶን ናት። ኀሙስ ኀሙስ የረክሻ ነጂዎች ይመጡና ያፍሱታል። ረክሻ የምላችሁ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ናት፤ ካርቱም ውስጥ ዲስክ ያልተንጠለጠለባት ረክሻ ማየት ይቸግራል፣ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃልና ይወዱታል።

አመሻሽ ላይ ዘምዘም መጣች።

«ሁሉም አለ?» አለችኝ።

«ወላሂ ሁሉም አለ።» እዚያ አገር ስትኖሩ ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል፤ ከአፍ ላይ ነው የሚወጣው።

«ዋናውስ?»

«እዚህ ተቀምጧል፣ ምን ያደርግልሻል? አይሠራ!»

«እንግዲያው አርብ ዕረፍት ነህ አይደል? ናና ማሽኑን ግጠምልኝ። የሸሁ ልጆች ሽቦውን በጣጥሰውታል።»

አርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ካላክላ ሸህ ሙሄ ቤት ደረስኩ። ሸህ ሙሄ ከካላክላ ወሎዬዎች ሁሉ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወደዚያ ሰፈር የመጡት ግን ከሰርጉ በኋላ ነው። ሌሎች አራት ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ አህመድ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊታቸው እንደተቋጠረ። ዘምዘም ልጇን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዛለች። ያን ቀን አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ እፎይ ለማለት የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

ሸህ ሙሄ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ «በል ልጄ፣ ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ድቤው ጓ አለ! ሴቶች እያጨበጨቡ ይገባሉ፣ ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መሀል ላይ ይዘላል። ከሴቶቹ አንዷ «ወይኔ ሰይድ!» ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ጭፈራው ቀጠለ።

«ወደ ኋላ መልሰው» አሉ ጋሽ አህመድ።

«መጀመሪያው ይሄ ነው» አልኩ።

ጋሽ አህመድ ብድግ አሉ። «ጭፈራማ በማንም ቤት ይጨፈራል። ኒካሁ የታለ?»

«አለ!» አለች ዘምዘም። «መጀመሪያ ላይ አለ! አንተ ልጅ፣ ምን ይዘጋሃል? ንገራቸው እንጂ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ቁጭ ብሎ ማውራት ሰርጉ ራሱ ነበር። ጭፈራው ነው ትርፉ። ሁሉም እኔን ያያል። ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ማሽኑ አርጅቷል... ሌንሱ... አንዳንዱን አያነብም» አልኩ።

«ማሽኑ ጭፈራውን አንብቦ ኒካሁን ጠላ?» አሉ ጋሽ አህመድ።

ማንም አልሳቀም። አንዱ ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። ሌላው «ላ ሐውለ» ብሎ ፊቱን አሸ። ዘምዘም እኔን ነበር የምታየው፤ አፏ ተከፍቷል፣ ቃል ግን አልወጣትም። ያቺ ምላሷ! ጋሽ አህመድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅቷ ምን አጠፋች፣ አዝናለሁ» አሉ። «ግን አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ሰይድን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሰይድ ሳይነግረኝ ጫማ እንኳ አይገዛም ነበር። እንዴት ሳይነግረኝ ሚስት ያገባል? የይማምን ስም ባላየሁት ኒካህ አልሰጥም። ነገ እኩለ ቀን ከዙህር በኋላ መኪናዬ በገዳሪፍ አድርጋ ወደ አገር ቤት ትነሳለች፣ አበቃ።»

አንድ ደቂቃ ዝም አልኩ። ይቺን ደቂቃ ከናንተ ልደብቃት አስቤ ነበር፣ ግን ምን ዋጋ አለው? ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ሴትየዋ ትዋረዳለች፣ እኔ ቅዳሜ ሥራዬ ላይ ነኝ። ይሄንን ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ አሰብኩት እኮ ነው የምላችሁ! ከዚያ ሐያት ከእናቷ እቅፍ ቀና ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች በዐረብኛ «ባባ» አለች። ያኔ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ። «ኒካህ መሆኑን አላወቅኩም። ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ አየሁ፤ አይረባም ብዬ ቆረጥኩት። እሷ ምንም አታውቅም።»

«ስንት ሰጠችህ?» አሉ ጋሽ አህመድ።

«ተው አህመድ፣ ይሄ ነውር ነው» አሉ ሸህ ሙሄ። ወደ እኔ ዞሩና «ኒካሁ ሲታሰር አይተሃል? በምታምነው አምላክ ማልልኝ» አሉኝ።

አየሁ ብል ያልቅ ነበር። ከረቡዕ በፊት ቢሆን ያለ ምንም ችግር እምል ነበር። «ሰዎች ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ አይቻለሁ» አልኩ። «ድምፁን አጥፍቼው ስለነበር የተባለውን አልሰማሁም። መማል አልችልም።»

ዘምዘም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሸህ ሙሄ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ዋናው የታለ?»

«ሱቅ...» አልኩና ካርቶኗ ትዝ አለችኝ። ትናንት ደግሞ ኀሙስ ነበር። «ነገ ከዙህር በፊት አመጣዋለሁ» አልኩ፤ ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆምኩ። ዘምዘም ቀድማኛለች። «ሥራሽስ?» ብላት «መደም ስልኩን ስታንጫርር ትዋል» አለች። ከዚህ ሌላ እስከ ካላክላ ድረስ አላናገረችኝም። ዐም ባቢክር መጥቶ ሲከፍት ካርቶኗ ባዶ ናት፣ ጭራሽ ተጠራርጋለች።

«ማን ወሰደው?» አልኩት።

«ዐዋድ። የካላክላው ዐዋድ፣ አረንጓዴ ረክሻ ያለው። ምነው አንተ መቀስ፣ ፊትህ ምን ሆነ?»

መልስ የምሰጥበት ጊዜ አልነበረኝም። ሓፍላው እስኪሞላ መጠበቅ፣ መንገድ ላይ መቆም፣ ተሳፋሪ ማውረድ፣ እንደገና መጫን፤ ያን ቀን ካርቱም ሆን ብላ የምታዘገየኝ ነበር የመሰለኝ። ካላክላ ገበያ ስንደርስ ፀሐይዋ ወጥታ ረክሻዎቹ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። አንዱ አራት ዲስክ፣ አንዱ አሥር፣ አንዱ ጣሪያው ዙሪያውን። ግማሹ አረንጓዴ ነው!

ገባሁበት። ዲስክ አገላብጣለሁ፣ ጽሑፍ አያለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሮጣለሁ። የራሴ የእጅ ሥራ ሁሉ እዚያ ተንጠልጥሏል። አንዱ ነጂ እጄን ይዞ «ያ ሐበሺ፣ ሌባ ነህ ወይስ ያምሃል?» አለኝ። ሌላው ሳቀ። ሦስተኛው ሊመታኝ ሲያቆበቁብ ዘምዘም መሀላችን ገባችና በዚያ በምትችለው ዐረብኛ ለቀቀችባቸው። የሞተ ባሏን፣ ልጇን፣ ኒካሁን፣ እኔን ደንቆሮውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

«ኒካህ?» አለ ሊመታኝ የነበረው። «ያ ሰላም! ዐዋድ ወንዝ ዳር ነው፣ ረክሻውን ሊያጥብ ወርዷል። ያላ፣ ረክሻዬ ላይ ውጡ!»

ጭኖን ወረደ። መንገድ አልነበረም የሄድንበት፤ ጉድጓድ ለጉድጓድ ነው። ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሁለቴ መታው። ዘምዘም ብረቱን ጨብጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ካላገኘነው...» ብዬ ስጀምር «ዝም በል» አለችኝ።

ዐዋድ ውኃው ጫፍ ላይ ረክሻውን አቁሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በእርጥብ ጨርቅና በአሸዋ ይፈትጋል። አሸዋ! ኋላ ያሉትን ዲስኮች ጨርሶ ፊት ለፊት ያለችው ላይ ደርሷል። «ተው! ተው!» እያልኩ ስወርድ ተደናቀፍኩና ጭቃው ውስጥ በጉልበቴ ወደቅኩ። ዐዋድ ጨርቁን እንደያዘ ደንግጦ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁ፤ መስተዋቱ ላይ በሽቦ የታሠረችው፣ «ኒካህ» የሚለው በማርከር የተጻፈባት ዲስክ ናት።

ፈታሁት። ከንፋሱ ጋር ብረቱን ሲመታ ስለቆየ ዳር ዳሩ ተቦጫጭሯል። ወደ መሀሉ ግን ደህና ነው። በሥራዬ የማውቃት አንዲት ነገር ያኔ አዳነችኝ፤ ዲስክ የሚጻፈውም የሚነበበውም ከመሀል ወደ ዳር ነው። የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ያለው መሀሉ ላይ ነው። ይሄ ሲገባኝ ሌላም ነገር ገባኝ፤ እሱ ክፍል አንደኛው ሽፋን ላይ ነው፣ ያ አሮጌ ማሽን ድሮም ያነበዋል። ዲስኩን ጭራሽ ባልነካው ኖሮ አርብ ኒካሁ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ለዘምዘም ያን ጊዜ አልነገርኳትም፤ ወንዝ ውስጥ ትከተኝ ነበር።

ሸህ ሙሄ በር ላይ ስንደርስ የጋሽ አህመድ ሻንጣ መኪና ላይ ወጥቷል። እሳቸው የመኪናውን በር ይዘው ከሸህ ሙሄ ጋር ይሰነባበታሉ። ዘምዘም ከረክሻው ዘላ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። «ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ይዩትና ይሂዱ።» ፊቷን አይተው መሰለኝ፣ ያለ ቃል ተከተሏት።

ዲስኩን በሳሙና አጠብኩት፣ በሸሚዜ ከመሀል ወደ ዳር ጠረግኩት። ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ አጓራ። ቆመ። ደግሞ አጓራ። ቴሌቪዥኑ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ ምስል መጣ፣ ተበተነ፣ ተሰበሰበ። ፍራሽ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ታዩ። በዚህ ጊዜ ድምፁን አላጠፋሁትም።

ያሰሩት ሸህ መሀል ናቸው። ሰይድ በግራቸው ተቀምጧል። ከሰይድ ቀኝ ፍራሹ ላይ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ባዶ ነው። አንድ እንግዳ ይገባና ሊቀመጥበት ሲል ሰይድ እጁን ይዘረጋል።

«እሱ የወንድሜ ቦታ ነው» ይላል። «ሦስት ቀን ስደውልለት ኔትወርክ እምቢ አለኝ። የዘምዘም ወኪልም እሷም ቀን ቆረጡብኝ። አህመድ ሳይኖር ማሰሩ ከብዶኛል፣ ስለዚህ ቦታውን ይዤለታለሁ። እባካችሁ እንዳለ ቁጠሩልኝ።»

ሰዎቹ ትንሽ ይስቃሉ። ሸሁ አይስቁም። «መልካም» ይላሉ። «አህመድ ይማም ተቀምጧል። በቢስሚላህ እንጀምር።»

ከዚያ ኒካሁ ታሰረ። ስም ተጠራ፣ ምስክሮቹ ተናገሩ፣ ሰይድ «ቀቢልቱ»፣ ተቀበልኩ፣ አለ። እኔ ግን እሱን በደንብ አላየሁትም፤ የማየው ጋሽ አህመድን ነበር። ቆመው የነበሩት ሰውዬ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ቴሌቪዥኑን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«መልሰው» አሉ።

መለስኩት። «እሱ የወንድሜ ቦታ ነው።»

«መልሰው።»

ውጭ ዙህር አዛን ተሰማ፣ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ አህመድ ለሦስተኛ ጊዜ ሰምተው ወደ ዘምዘም ዞሩ። «ይሄ እያለ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላውቅም ነበር» አለች እያለቀሰች። «ሲታሰር እኔ ሴቶቹ ጋ ጓዳ ነበርኩ። ዲስኩንም ስናይ ሁልጊዜ ከጭፈራው ነው የምናስጀምረው።»

ጋሽ አህመድ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጮክ ብለው አለቀሱ። «ዘጋኝ ብዬ ነበር» ይላሉ። «ረሳኝ ብዬ፣ ናቀኝ ብዬ ነው እኮ!» ሸህ ሙሄ ትከሻቸውን ያዙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተረጋጉና ልጅቷን በእጃቸው ጠሩ። ሐያት መጣች።

«ስምሽ ማነው?»

«ሐያት።»

«ሐያት ማን?»

«ሐያት ሰይድ።»

«ሐያት ሰይድ ይማም በይ።»

ሐያት አማርኛዋ ደካማ ነው፤ ግራ ገብቷት እናቷን አየች። ከዚያ ቃል በቃል፣ እየተንተባተበች አለችው። ጋሽ አህመድ አንስተው ታቀፏት። መኪናው ያለ እሳቸው ወደ ገዳሪፍ ሄደ።

ዘምዘም ይቅር አለችኝ? እላችኋለሁ፣ አላውቅም። በማግስቱ ሱቅ መጥታ ዲስኩን «ጨምቀው፣ እንዳትቆርጠው» ብላ ሰጠችኝና ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች። መብራት ሄደ፣ እንደገና ጀመርኩ፣ አልተነሳችም።

ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። እናንተም እንደኔ ችኩል ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰው ሲያወራ «እሺ፣ እሺ» እያላችሁ የምታልፉት ቦታ ላይ ምን እንዳለ አታውቁም። እኔ አላውቅም ነበር፤ አለማወቄንም አላውቅም ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ መቁረጤ አይደለም፣ ሳላይ «ሁሉም አለ» ማለቴ ነው።

በዚያው ሳምንት ጎንደር አባቴ ዘንድ ደወልኩ። አባቴ ስልክ ላይ ወሬው ረጅም ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ጎረቤት የድንበር ክርክር። እኔ ሁልጊዜ «ሥራ አለብኝ አባባ፣ ደህና ሁን» ብዬ እዘጋ ነበር። ያን ቀን አልዘጋሁም። ዝናቡን ጨረሰ፣ በሬውን ጨረሰ፣ ድንበሩን ጨረሰ። ከዚያ «እናትህ ታማ ከተኛች ዓመት አልፏታል» አለኝ። «ልነግርህ በጀመርኩ ቁጥር ትቸኩላለህ።»

በሳምንቱ መተማን ተሻገርኩ። እናቴ በሕይወት ደረስኩላት፤ እስክታርፍ ድረስ አራት ወር አብሬያት ተቀመጥኩ።